አንድ ትራስ ይበቃታል

ጥቅምት 11

«ውድ የጥናታችን ተሳታፊ፤ የልብ ጡንቻን በስቴም ሴል የማደስ ጥናታችን በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን ስናበስርዎ ደስታ ይሰማናል። ማን ምን እንደተወጋ ምስጢሩ በተከፈተበት ዕለት እንደተረጋገጠው፣ አምና ወደ ልብዎ የተወጋው የራስዎ ሕዋስ ሳይሆን የጨው ውሃ ነበር። አሁን ግን ተራዎ ደርሷል። ከመቅኒዎ ተባዝቶ በስምዎ የተቀመጠልዎትን ሕዋስ መውሰድ ስለሚችሉ፣ በሚመችዎ ቀን ቀጠሮ እንዲይዙ በአክብሮት እንጋብዝዎታለን። መልካም ጤንነት!»

ብልቃጥ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አራት ነጥቡም የእነሱ ነው፣ ቃለ አጋኖውም የእነሱ ነው። ፖስታው የመጣው በእህትህ ስም ነው። ያመጣልኝ የሕንጻችን ጥበቃ ነው፤ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ በሬ ላይ ሲደርስ «ለእትዬ ነው» አለና መሬት መሬት አየ። ሰውየው መሞቷን ያውቃል። የማያውቀው የእናንተ ተቋም ነው።

አያውቅም አልኩ እንጂ ያውቃል። በሰኔ መሞቷን በሐምሌ መጀመሪያ ጽፌ አሳውቄያለሁ፤ ደብዳቤዬ መድረሱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት መልስም ልከውልኛል። እንግዲህ አንዱ ክፍል ያጽናናል፣ ሌላው ክፍል ቀጠሮ ይሰጣል ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሊፍት ስፈትሽ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ። ላይ ያለው ፍሬን ታች ያለውን የማይሰማበት ሊፍት ሲገጥመኝ አሽገዋለሁ እንጂ «መልካም ጉዞ» ብዬ ሰው አላሳፍርበትም።

ይሄን ከተቋሙ ጋር እጨርሰዋለሁ። ካንተ ጋር ያለኝ ሌላ ነው። ብልቃጥ እያልኩ የምጽፍልህም እሷ ያወጣችልህ ስም ስለሆነ ነው እንጂ ዛሬ ሰው የማቆላምጥበት አንደበት የለኝም።

ወደዚህ ጥናት ያስገባኸን አንተ ነህ። የልቧ ጡንቻ በከፊል ሞቶ፣ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ተጠንቅቆ መኖር ነው» ብለው ባሰናበቱን ጊዜ፣ «እታለም፣ ከራስሽ መቅኒ ሕዋስ ወስደን፣ አባዝተን፣ የሞተውን ጡንቻሽን መልሰን እናበቅለዋለን» ብለህ የጻፍክላት አንተ ነህ። ግማሾቹ ታካሚዎች ሕዋሱን፣ ግማሾቹ ደግሞ ለማነጻጸር ያህል የጨው ውሃ እንደሚወጉ፣ ማን ምን እንደተወጋ ሐኪሙም ታካሚውም እንደማያውቅ አስረድተኸናል። ያንን አውቀን ፈርመናል፤ አልክድም። ነገር ግን አንተ ሐኪምም ታካሚም አይደለህም። አንተ የምትሠራው ሕዋሱ በሚባዛበትና መርፌው በሚሞላበት ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ። የተወጋችው የጨው ውሃ መሆኑን ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር?

ስልክ አትደውል፤ አላነሳም። በስልክ የተባለ ነገር ሲያድር ሌላ መልክ ይይዛል። በወረቀት፣ በራስህ እጅ ጽሑፍ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እጠብቃለሁ።

አማችህ


ጥቅምት 23

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? ብርዱ ጀመረ ወይ? የመኝታ ቤቱ መስኮት እንደ አምናው ነፋስ ያስገባ ይሆን? እራትስ ማን ያበስልልዎታል? ጉልበትዎን ያመም ያደርግዎት የነበረው እንዴት ሆነ? እኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆን ከተባለ።

የላኩልኝን አንብቤ ራሴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። በማግስቱ ደብዳቤ ወደሚያወጣው ቢሮ ወርጄ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው፦ በጥናቱ ውስጥ ሰው በቁጥር እንጂ በስም አይታወቅም፤ የሞተ ሰው የሚመዘገበው ደግሞ በሕክምናው ክፍል ነው። ደብዳቤውን ያወጡት ሰዎች የጨው ውሃ የተወጉትን ቁጥሮች ከስም ጋር አገናኝተው ለሁሉም በአንድ ቀን አተሙ። ጠረጴዛው ላይ ለነበረችው ልጅ የእህቴ እንደሆነ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ይሄ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ነው እንጂ ለማመካኘት አይደለም። ኃላፊው የፈረመበት የይቅርታ ደብዳቤ ይደርስዎታል። በእኔ በኩል ይቅርታ የሚለውን ቃል ብጽፈው ያንስብኛል፤ ባልጽፈውም ያው ነው።

ስለ መርፌው አሠራር ላስረዳዎት። ሕዋስ ያለበት ፈሳሽ ደፍረስ ያለ ነው፤ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። የጨው ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው። ሐኪሙ አይቶ እንዳይለይ መርፌውን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ፕላስተር እንጠቀልለዋለን። ከዘመዶቹ አንዱ በጥናቱ ውስጥ ያለበት ሠራተኛ የዘመዱን መርፌ አይነካም። እኔም አልነካሁም። ገና ስትመዘገብ ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳውቄ፣ የዚያን ዕለት መርፌውን ያዘጋጀው ባልደረባዬ ነው። በምንም የምምልልዎት እውነት ነው።

ሕዋሶቿ አሁንም በስሟ ተቀምጠዋል። ምን ይደረጉ የሚለውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ግን የሚያጣድፍ ነገር የለውም።

የስፌት ክፍሏንስ ምን አሰቡ? ያ ወንበር አሁንም መስኮቱ ሥር ነው? የስፌት መኪናዋን ለሰው ቢሰጡ እንኳ ወንበሩን እንዳይሰጡብኝ አደራ።

አክባሪዎ


ኅዳር 2

ብልቃጥ፣

ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህልኛል። ስለ ብርዱ ጠይቀሃል፣ ስለ መስኮቱ ጠይቀሃል፣ ስለ ጉልበቴ ጠይቀሃል። እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ብቻ የለበትም። «አልነካሁም» ትላለህ። ማን ነካው ብዬ አልጠየቅኩህም። ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።

ብርዱ ጀምሯል። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። እራት ራሴ አበስላለሁ፣ አይበላም። እኔ የተጠየቅኩትን መልሻለሁ።

ያ ዓመት ይሄ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳለፈ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ወይም ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ከመርፌው በፊት እህትህ የምትተኛው በሦስት ትራስ ተደግፋ ነበር። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ጋደም ሲል ሳንባው ውሃ ይይዝና ይታፈናል። ስለዚህ ቁጭ እንዳለች ነበር የምታንቀላፋው። በኅዳር በጭኗ የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ አስገብተው ወጓት። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ፣ ምንም የለም። ትዕግሥቴ አለቀና ለተቋማችሁ መጻፍ ጀመርኩ። «በባለቤቴ ልብ ውስጥ ያስገባችሁት ምን እንደሆነ በአስቸኳይ አሳውቁኝ» የሚል ነበር። በትከሻዬ በኩል አሻግራ አነበበችና፣ «አቶ ፈትሽ፣ ሰዎቹ ሊፍት መሰሉህ?» አለችኝ። እኔም ሊፍት ቢሆኑማ ገና ዱሮ ባሸግኳቸው አልኳት።

በጥር አንዱን ትራስ አነሳችው። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛውን። «አንድ ትራስ ይበቃኛል» አለች፣ እንደ ቀልድ። የጀመርኩትን ደብዳቤ ቀደድኩት። ከተቋማችሁ በየወሩ እየደወለች የቤተሰብ ምስክር የምትጠይቅ ነርስ ነበረች፤ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። «ስንት ትራስ?» ትለኛለች። «አንድ ትራስ ይበቃታል» እላለሁ፣ ልቤ እስኪሞላ። «ጎሽ!» ትላለች። እኔ ሊፍት የሌለው ሕንጻ ላይ የምኖር የሊፍት ተቆጣጣሪ መሆኔን ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ ነኝ፤ በዚያን ወራት ግን ያ ደረጃ ሁሉ ቁልቁለት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የስፌቱ ነገር መጣ። ጸጉሯን ስታበጥር ታለከልክ የነበረች ሴት፣ ገና ጋደም ከማለታችን «የመጋረጃ ትዕዛዝ ተደራርቦብኛል» ብላ ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሏ ትሄዳለች። የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። አጉረመርማለሁ፤ በልቤ ግን ደስታዬን የሚችለው የለም። ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ለወንበሯ እንኳ ከትርፍ መጋረጃ፣ ከአረንጓዴ ከፋይ፣ ወፍራም መደገፊያ ሰፋችለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም እደገፍበትና ጋዜጣ አነብ ነበር። «ምን አስገብተሽበት ነው እንዲህ የሚመቸው?» ስላት «የእጅ ሙያ» አለችኝ።

በዚያ ወንበር ላይ ነው የሞተችው። እኔ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሊፍት ስፈትሽ ነበር። ጎረቤታችን ገብታ ስታያት የመጋረጃ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ነበር። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ሥራዋ ላይ እንዳለች ነው የሄደችው» እያልኩ ተናገርኩ። እሱ ብቻ ነበር መጽናኛዬ። አንተ ለቅሶ መጥተህ በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ ስልህ ቆመህ የቀረኸውን ደግሞ አልረሳሁም።

ሰሞኑን ደብዳቤዎችህን አውጥቼ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። መርፌውን እስከተወጋችበት ጊዜ ድረስ ሁሉም የሚጀምሩት «ልብሽ እንዴት ነው?» ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ድራሹ ጠፋ። እኔ ስለ ትራሱ በደስታ ስጽፍልህ፣ አንተ ስለ አየሩ ጠባይ ትጠይቀኛለህ። ሊፍት ውስጥ እኛን የሚያስፈራን አዲስ ድምፅ አይደለም፤ የነበረው ድምፅ ሲጠፋ ነው።

አዎ ወይም አይደለም። እስከ ኅዳር አጋማሽ መልስህ ካልደረሰኝ ለተቋማችሁ ኃላፊ እጽፋለሁ። የእኔና ያንተ ዝምድናም እሷ ጋ አብሮ ተቀብሯል ማለት ነው።

አማችህ


ኅዳር 12

ጋሼ፣

አዎ። አውቅ ነበር።

ማንም አልነገረኝም። በተወጋች ማግስት ጠዋት ሥራ ስገባ ዓይኔ ነው ያመጣብኝ። ሕዋሶቹ የሚቀመጡት በብርቱ ብርድ በርሜል ውስጥ፣ በትንንሽ ብልቃጥ ሆነው ነው። እንደሚያውቁት ሌላ ሥራ የለኝም፤ በርሜል ከፍቼ ብልቃጥ አወጣለሁ፣ ብልቃጥ አስገባለሁ። የተወጋችው ሕዋስ ከሆነ ከእሷ መደርደሪያ መጉደል ነበረበት። ክዳኑን ከፈትኩና አየሁ። አልጎደለም። ከጉም መሳዩ ብርድ ውስጥ ብልቃጦቿ እንደተሰለፉ ናቸው። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት፤ የዘጋሁት ግን በርሜሉን ብቻ ነው።

ለምን አልነገርከንም ይሉኛል። ብነግራችሁ ከጥናቱ ትወጣለች፤ ደንቡ ነው። ከወጣች ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የጨው ውሃ ለተወጉት የሚሰጠው የሕዋስ ተራ ይቀርባታል። ዝም ካልኩ ተራዋ ይደርሳል። እስከዚያ እንድትቆይልኝ ብቻ ነበር የምለምነው። የሠራሁት ስህተት ከሆነ ስህተት ነው፤ ግን በክፋት አልነበረም።

አሁን የምጽፈው ከዚህ ይከብደኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድሮ ደብዳቤ ደርድረው ያዩትን፣ እሷ ያኔውኑ አይታዋለች።

በታኅሣሥ አንድ እሁድ እርስዎ ገበያ በወጡበት ደወለችልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጫማዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ብልቃጤ፣ ስለ ልቤ መጠየቅ ለምን ተውክ?» አለችኝ። ዝምታዬ እንደ መናገር ሆነብኝ። «ውሃው ነው፣ አይደል?» አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ያባበለችኝ እሷ ናት። ልጅ ሆኜ ስወድቅ ትለኝ እንደነበረው «በቃ፣ በቃ፣ አለፈ» አለችኝ።

ቀጥላ የተናገረችውን አንድም ቃል ሳልለውጥ እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎ ቃል ሲለወጥ እንደማይወዱ አውቃለሁና። እንዲህ አለች፦ «አቶ ፈትሽ ደብዳቤ እየጻፈ ነው። ከላከው ይመረምራሉ፤ ሲመረምሩ ካንተ ይደርሳሉ። አንተን ከሥራ፣ እኔን ከተራ ያስወጡናል። እሱ ደግሞ ጸጥ የሚለው ሲሻለኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ይሻለኛል።»

ስለዚህ ተሻላት።

ሁለቱን ትራሶች የት እንዳደረገቻቸው አውቃለሁ። ለቅሶ በመጣሁ ጊዜ ያንን ወንበር «ተቀመጥበት» ሲሉኝ ያልተቀመጥኩት ለዚያ ነው። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አያስገድዱኝ።

ለኃላፊው ይጻፉ። መብትዎ ነው፣ አልቀየምዎትም። ዝምድናውን ግን በእርስዎ በኩል ቢቆርጡት እንኳ በእኔ በኩል አይቆረጥም።

ብልቃጥ


ታኅሣሥ 1

ጋሼ፣

ረጅሙ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «አንብበህ ቅደደው» ስላሉኝ አንብቤ ቀድጄዋለሁ። በውስጡ ያሉኝን ሁሉ ይገባኛል ብዬ ተቀብያለሁ። «በሟች ላይ ትዋሻለህ» ያሉኝን ግን አልቀበልም። ስዋሽ የኖርኩት ያን ዓመት ነው፤ አሁን ነው ያቆምኩት።

ከእሱ በኋላ የመጣው አጭሩ ላይ ሦስት ነገር ጠይቀውኛል። እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ትተኛ ነበር ወይ ላሉኝ፣ ትተኛ ነበር። ወንበሩ ላይ፣ ቁጭ ብላ፣ መደገፊያውን ወደ ጀርባዋ ስባ። «አልጋ ላይ ካለው የተሻለ ነው» ትለኝ ነበር። እርስዎ የሚሰሙት የመኪና ድምፅ ስፌት አልነበረም። መርፌው ሥር ጨርቅ ሳታስገባ ሞተሩን ባዶውን ታስነሳዋለች፤ ትንሽ ታሠራዋለች፣ ታቆመዋለች፣ ደግሞ ታስነሳዋለች። «ይሄን ድምፅ ካልሰማ አይተኛም፤ ሕፃን እኮ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። እየሳቀች ነበር ጋሼ፤ አዝናብኝ ነበር ብለው እንዳያስቡ። ጠዋት ሳይነቁ ተመልሳ አጠገብዎ ጋደም ትላለች። እስኪነቁ ድረስ ትችለዋለች። አንዳንድ ቀን እርስዎ ሲያረፍዱ ግን ይከብዳት እንደነበር ነግራኛለች።

ጥናቱ ምን አገኘ ላሉኝ፣ ጥርት ያለ ነገር አላገኘም። በልብ ምስሉ ላይ ሕዋስ በተወጉትና ባልተወጉት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ያመዘኑት የታካሚውንና የቤተሰቡን ምስክርነት ነው፤ እንቅልፍ፣ ደረጃ መውጣት፣ ትንፋሽ፣ ትራስ። በዚያ በኩል ሁለቱም ቡድን ተሻሽሏል። የጨው ውሃ የተወጉትም እንደተሻላቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ሕዋሱ ከጨው ውሃ ይበልጣል ለማለት አልተቻለም ብለው ጽፈዋል። በጥር መጨረሻ ይታተማል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል።

ሕዋሱን ያኔ ወስዳ ቢሆን ትድን ነበር ወይ ላሉኝ፣ አላውቅም። ይሄን ጥያቄ በየቀኑ በርሜሉን በከፈትኩ ቁጥር ራሴን እጠይቀዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ መሆን ነበረብኝ። አላውቅም።

የበሉትን ይጻፉልኝ። ምንም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን።

ብልቃጥ


ታኅሣሥ 14

ብልቃጥ፣

ስፌቱን ተረተርኩት።

አንተ ከጻፍክልኝ ጊዜ ጀምሮ ወንበሩን ስዞረው ነው የከረምኩት። አልፌው እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ማንም እንዲከፍት የማይፈቀድለትን የሞተር ክፍል ቁልፍ ተቀብዬ የምከፍት ሰውዬ፣ አንድ የወንበር መደገፊያ ፊት ለፊት እጄ ታሰረ። በመጨረሻ የእሷን ትንሿን መቀስ ወስጄ በጎኑ በኩል ከፈትኩት። ስፌቱ ጠንካራ ነው። ለራሷ የሚሰፋ ሰው አይመስልም፤ መንታ አድርጋ ነው የሰፋችው።

ሁለቱም ትራሶች ውስጡ ናቸው። ልብሳቸውን እንኳ አላወለቀችላቸውም። ሰማያዊ መስመር ያለው ነው፣ የአንዱ ጫፍ ላይ እኔ ሻይ የደፋሁበት አለ። ያንን የትራስ ልብስ በመጋቢት ገደማ አጥቼው «የት ገባ?» ብያት ነበር። «ካጣቢዋ ጋር ቀርቶ ይሆናል» አለችኝ። እኔም አጣቢዋን ተቆጣሁ። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እስከዛሬ ባየችኝ ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

ጉልበቷ ላይ የነበረውን ጨርቅም አወጣሁት። አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አልተቆረጠም። አልተለካም። መርፌው ላይ ክር አልነበረም፤ ያን ዕለትም አይቼዋለሁ፣ ማየት ብቻ ነው። ሥራዋ ላይ እንዳለች ሄደች እያልኩ የተናገርኩት ያንን እያየሁ ነው። እንዲህ ያለ ፍተሻ ከሠራተኞቼ አንዱ ቢያቀርብልኝ ፊቱ ላይ ነበር የምወረውርለት። በየቅዳሜው ጀርባዬን በሁለት ትራስ ላይ እየደገፍኩ፣ በየወሩ ለነርሷ በስልክ «አንድ ትራስ ይበቃታል» እል ነበር።

ትራሶቹ ከአልጋ የወረዱት በጥር ነው። አንተን በስልክ ያወራችህ በታኅሣሥ። የእኔን ደብዳቤ ያነበበችው በዚያው ሰሞን። ቀኑ ልክ ነው። አንተ አልዋሸህም። ቅደደው ባልኩህ ደብዳቤ ውስጥ ያልኩህን ሁሉ አንስቻለሁ፤ ይህንን በጽሑፍ ያዘው።

ልቀየምህ ሞክሬ ነበር። የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁለት። በአንተ ላይ ሳደርገው ወደ እሷ ይሄዳል፣ በእሷ ላይ ማድረግ አልችልም፣ ስመልሰው ደግሞ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብራኝ የኖረች ሴት፣ ጸጥ የማሰኛ መንገድ ብትፈልግልኝ ይሄን አገኘች። «በየቀኑ የሚጮህ ሰው አጠገብ ምን ታድርግ» ብትለኝ እፈርምበታለሁ።

ስለ አንተ ለኃላፊው የጀመርኩትን ቀድጄዋለሁ። ሁለተኛ ደብዳቤ አስቀደደችኝ ማለት ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣውን ግን ወስደህ በእጁ ስጠው። ስለ አንተ አንድም ቃል የለበትም። እንዲህ ይላል፦

«ለጥናቱ ኃላፊ። ባለቤቴ በጥናታችሁ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ የቤተሰብ ምስክር ሆኜ፣ ከጥር እስከ ግንቦት በየወሩ ‹ስንት ትራስ?› ተብዬ ስጠየቅ ‹አንድ› ብያለሁ። ስህተት ነው። ሦስት ነው። አንዱ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ በወንበር መደገፊያ ውስጥ ነበሩ። ‹ጋደም ብላ ትተኛለች› ብያለሁ። ስህተት ነው። ቁጭ ብላ ነበር የምትተኛው። ‹ማታ ማታ ሥራ ትሠራለች› ብያለሁ። አትሠራም ነበር። ይህን ያወቅኩት ወንበሩን ራሴ ፈትሼ ነው። ለምን ደበቀች ካላችሁ፣ ባሏ ጸጥ እንዲል ነው። አልተሻላትም ነበር። በሕትመታችሁ ውስጥ የጨው ውሃ ተወግተው ከተሻላቸው ሰዎች መካከል እንድትቆጠር አልፈቅድም።»

በአንድ ሰው ምን ይለወጣል ትለኝ ይሆናል። ይለወጣል አይለወጥም ብዬ አልጠየቅኩም። ሦስት የነበረ ነገር አንድ ተብሎ አይታተምም። ምናልባት እንደ እሷ ሌላም ቤት ውስጥ ለባሏ፣ ለልጇ ብላ የተሻላት ይኖር ይሆናል፤ እነሱንም ሄደው ይጠይቁ።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ የምጽፍ እንዳይመስልህ። የጨው ውሃውን የተወጉት አልተሻላቸውም ነበር ማለት፣ ሕዋሱ የተሻለ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። የተሻለ ነበር ማለት ደግሞ፣ ስትሞት መዳኛዋ ተራ እስኪደርስ አራት ወር ብቻ ቀርቷት ነበር ማለት ነው። እስካሁን «ቢወስዱትም ባይወስዱትም ያው ነው» በሚለው ወረቀታችሁ ትንሽ መተንፈስ ጀምሬ ነበር። እሱንም መልሱልኝ አልልም። ይታረም።

ብልቃጦቿ እርማቱ እስኪገባ ድረስ ከመደርደሪያቸው እንዳይነሱ። ከዚያ በኋላ ለጥናት ይዋሉ። ሥራ ትወድ ነበር፤ ባዶውን የሚዞር መኪና አልነበረም የሚገባት። የምታወጣቸው ራስህ ሁን፤ በዚያን ቀንም «ልብሽ እንዴት ነው?» በላት።

ወንበሩን ለማንም አልሰጥም። መደገፊያውን መልሼ ሰፍቼዋለሁ፣ በክፉ ስፌት። ስትመጣ ትቀመጥበታለህ።

ትናንት ዳቦና እንቁላል በልቻለሁ።

የታረመውን ገጽ ቅጂ፣ ሦስት የሚለው ቁጥር ተጽፎበት፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት እፈልጋለሁ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም። አድራሻው ያው ነው፤ በእሷ ስም ቢመጣም እቀበላለሁ። እስከ ጥር 10፣ በጽሑፍ።

አማችህ